ፈተናውን በ90 ያለፈው ሠራተኛ ክፍል ሲገባ ለምን ይጠፋዋል?

የዚህ እትም ጥያቄዎች ከድሬዳዋና ከሐረር የመጡ ናቸው። ጠያቂዎቹ ኦቲዝምና ሌላ የዕድገት ውስንነት ያለባቸውን ልጆች በባህሪ ትንተና ዘዴ የሚያስተምሩ፣ ከአንድ በላይ ቅርንጫፍ ያላቸው ማዕከላት ሠራተኞችና ኃላፊዎች ናቸው። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አጣምረናል፣ ማዕከላቱን የሚያስታውቀውንም አውጥተናል።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ውስጥ ሦስት ቅርንጫፍ ባለው ማዕከል የሥልጠና አስተባባሪ ነኝ። ከልጆች ጋር የሚሠሩ 48 ሠራተኞች አሉን። በዓመት ሁለት ጊዜ ከአዲስ አበባ አሠልጣኝ እናስመጣና ሆቴል አዳራሽ ተከራይተን ሦስት ቀን እናሠለጥናለን። መጨረሻ ላይ በሚሰጠው ፈተና ከ90 በታች የሚያመጣ የለም። ክፍል ገብቼ ሳይ ግን አንዱ ልጁን ያንኑ ትእዛዝ ሦስት ጊዜ ይደጋግምበታል፣ ሌላዋ ልጁ ሳይመልስ ብስኩቱን ትሰጠዋለች፣ ሦስተኛው ደግሞ የልጁን መልስ የሚመዘግብበትን ቅጽ ማታ ሊወጣ ሲል ተቀምጦ በግምት ይሞላል። አሠልጣኙን እንለውጥ ወይስ ሠራተኛውን? (ከሳቢያን)

መልስ፦ ሁለቱንም ባሉበት ያቆዩአቸው። ፈተናው የለካው ሌላ፣ እርስዎ ክፍል ገብተው ያዩት ሌላ ነው። «ልጁ ካልመለሰ ምን ታደርጋለህ?» ተብሎ ተጠይቆ «ሐ»ን ማክበብ አንድ ችሎታ ነው። ልጁ ወንበሩን ገፍቶ ሊነሳ ሲል፣ በአንድ እጅ ብስኩት፣ ጉልበት ላይ ቅጽ ይዞ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ማገዝ ሌላ ችሎታ ነው። የባጃጅ መንጃ ፈቃድ በጽሑፍ ፈተና ብቻ ቢሰጥ ኖሮ በመጋላ ገበያ ዳር በሰላም የሚያልፍ አይኖርም ነበር።

በዘርፉ ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው አሠራር የባህሪ ክህሎት ሥልጠና ይባላል። መንገር፣ ማሳየት፣ ማሠራት፣ ማረም፤ አራት ክፍል አለው። የእርስዎ የሦስት ቀን ሥልጠና የመጀመሪያውን ሙሉ በሙሉ፣ ሁለተኛውን በጥቂቱ ሠርቶ ሦስተኛውና አራተኛው ሳይደርሱ አበል ተፈርሞ የተበተነ ይመስላል።

አንድ ክህሎት ወስደን እንየው። ለልጁ አንድ ትእዛዝ ሰጥቶ፣ መልሱን ጠብቆ፣ ውጤቱን የማድረሱ ሥራ፣ አንድ ሙከራ የምንለው፣ ቁራጭ በቁራጭ ቢጻፍ አሥር ያህል እርምጃ ይወጣዋል። ዕቃውና ልጁ የሚወደው ነገር እጅ በሚደርስበት ቦታ ተዘጋጅቷል። ሠራተኛው መጀመሪያ የልጁን ትኩረት ያገኛል። ትእዛዙን በፕሮግራሙ፣ ማለትም ለልጁ በተዘጋጀው የትምህርት ዕቅድ ላይ እንደተጻፈው አንድ ጊዜ ብቻ ይናገራል። ከሦስት እስከ አምስት ሰከንድ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ልጁ ካልጀመረ ፕሮግራሙ ባዘዘው መጠን ያግዘዋል፤ ከዚያ በላይም በታችም አይሆንም። ትክክል ሲሆን የሚወደውን ወዲያው፣ በሁለት ሰከንድ ገደማ ውስጥ ይሰጠዋል። ሲያመሰግነው የሠራውን ነገር በስሙ ይጠራለታል፤ «ጎበዝ» ብቻ ብሎ አያልፍም። ስህተት ከሆነ ሽልማቱን ይዞ፣ አግዞ፣ እንደገና ይጠይቃል። ቀጣዩን ሙከራ ከመጀመሩ በፊት ውጤቱን ቅጹ ላይ ያሰፍራል። ከዚያ ዕቃውን አንስቶ ትንሽ ፋታ ይሰጣል። ይህ በአንድ ገጽ ላይ ከፊት ለፊቱ «ሠርቷል» እና «አልሠራም» የሚል ሳጥን ይዞ ሲታተም ቼክሊስት ይሆናል። እርስዎ በክፍል ያዩዋቸው ሦስት ጥፋቶች ሦስተኛው፣ ስድስተኛውና ዘጠነኛው እርምጃዎች ናቸው። «ሠራተኛው አልገባውም» ከሚለው ጥቅል አነጋገር ይልቅ ይህኛው የሚታረም ነገር ይሰጥዎታል።

ለአንድ ክህሎት 90 ደቂቃ ይያዙ። አሥር ደቂቃ ይንገሩ፣ አሥር ደቂቃ ያሳዩ፣ 60 ደቂቃ ያሠሩና ያርሙ፣ የመጨረሻዋን አሥር ደቂቃ ለማለፊያ ምዘና ያውሉ። አሠልጣኞች በብዛት የሚስቱት እዚህ ላይ ነው፤ ማብራራት ይጥማቸውና 60ውን ደቂቃ ለመንገር ያደርጉታል። በአንድ አሠልጣኝ ሥር የሚቀመጠው ሰው አራት ይሁን። 60 ደቂቃ ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 15 ደቂቃ የራሱ ልምምድ ይደርሰዋል። ስድስት ካደረጓቸው አሥር ይሆናል፤ ያ አይበቃም። 48ቱን አንድ አዳራሽ ካስገቧቸው ስንት እንደሚደርሳቸው ማካፈል ነው።

ልምምዱ የሚበላሽበት ዋናው መንገድ ልጅ ሆኖ የሚጫወተው ባልደረባ ጨዋ ሲሆን ነው። ሁሉንም ጥያቄ በትክክል ይመልስና ሠልጣኙ ማገዝና ስህተት ማረም የሚባሉትን ሁለት እርምጃዎች አንዴም ሳይሠራቸው «አለፈ» ይባላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ለተጫዋቹ 12 ካርድ ያዘጋጁለት፤ ስድስቱ «በትክክል መልስ»፣ ሦስቱ «ዝም በል»፣ ሁለቱ «ተሳሳት»፣ አንዱ «ተነስተህ ሂድ» የሚሉ። ካርዶቹ ይበወዙ፤ ሠልጣኙም አስቀድሞ አይያቸው።

እርማቱ ወዲያው ይሁን፣ በእርምጃ ቁጥር ይሁን። «ሦስተኛውን በደንብ ሠርተሻል፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያዘዝሽው። አራተኛው ላይ ሰባት ሰከንድ ቆየሽ፤ እሱን ብቻ እንደገና እንየው።» ከዚያ ያንኑ እርምጃ ያሠሯት። ይሉኝታ እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፍላል፤ በዕድሜ የምትበልጠውን ባልደረባ ማረም የከበደው አሠልጣኝ «ጥሩ ነው፣ ትንሽ ብቻ ይስተካከላል» ብሎ ያልፋታል፤ ትንሿ ምን እንደሆነች ሳይነግራት።

ማለፊያውን በልምምድ ሁለት ተከታታይ ዙር ከአሥሩ ቢያንስ ዘጠኙን መሥራት ያድርጉት፤ ሦስተኛውን ወይም ስድስተኛውን የሳተ ግን ዘጠኝ ቢያመጣም አላለፈም። ቀጥሎ ያው ቼክሊስት ከእውነተኛ ልጅ ጋር፣ በሁለት የተለያዩ ልጆች ይደገም። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ፣ ከወር በኋላ አንድ ጊዜ እንደገና ይታይ። በልምምድ ወንበር ላይ የተማረው ነገር ራሱ እግር አውጥቶ ወደ ክፍል አይሄድም፤ በዘርፉ «አሠልጥኖ ተስፋ ማድረግ» እየተባለ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚቀለድበት ይህ ነው።

ማታ በግምት የሚሞላውን ቅጽ በተመለከተ ግን ሠራተኛውን ከመውቀስዎ በፊት ቅጹን ይዘው አንድ ሰዓት ከልጅ ጋር ራስዎ ይሥሩ። 40 ሣጥን ያለበት ወረቀት ከሆነ እርስዎም ማታ ነው የሚሞሉት።

ጥያቄ፦ ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ ሰው ቁጥር ነው። ሱፐርቫይዘሮቻችን ሁለት ብቻ ናቸው። በየወሩ አራት አምስት አዲስ ሰው ይገባል፣ ሁለት ሦስት ይለቃል። ሁለቱ ሰዎች የልጆቹን ፕሮግራም ጽፈውና ወላጅ አነጋግረው ሲጨርሱ ለሥልጠና የሚተርፋቸው ጊዜ የለም። (ያው ከሳቢያን)

መልስ፦ ሂሳቡን ከሰዓት ይጀምሩት። 48 ሠራተኛ እያንዳንዱ በሳምንት 25 ሰዓት ከልጅ ጋር ቢሠራ 1,200 ሰዓት ነው። ቢኤሲቢ የተባለው የአሜሪካ የባህሪ ተንታኞች ማረጋገጫ ቦርድ አርቢቲ ለሚላቸው ጀማሪ ባለሙያዎች ለዓመታት የሠራበት ዝቅተኛ ልክ አለ፤ በወር ከሚሠሩት ሰዓት 5 በመቶው በሱፐርቪዥን ሥር እንዲሆን፣ በወር ቢያንስ ሁለት ጊዜ ከሱፐርቫይዘራቸው ጋር ፊት ለፊት እንዲገናኙ፣ ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ ከልጅ ጋር ሲሠሩ እየታዩ እንዲሆን። እኛ አገር የሚያስገድድዎ ባይኖርም እንደ ወለል ይያዙት። ከ1,200 ሰዓት 5 በመቶው 60 ሰዓት ነው። ለሁለት ሰው በሳምንት 30፣ 30 ሰዓት ማለት ነው፤ ፕሮግራም መጻፉና ወላጅ ማነጋገሩ ሳይጨመር። ስለዚህ ሱፐርቫይዘሮችዎ ሰንፈው አይደለም፤ ሂሳቡ ነው የማይሞላው።

ሁለት ተጨማሪ ሱፐርቫይዘር መቅጠር ከቻሉ የመጀመሪያው ምርጫ እሱ ነው። ካልቻሉ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ የተጠና ሌላ መንገድ አለ፤ ፒራሚድ ይሉታል። ሱፐርቫይዘሩ ጥቂት መሪ ሠራተኞችን ያሠለጥናል፣ እነሱ የቀሩትን። ከ48ቱ ስድስት መሪ ይምረጡ፤ የሚቀሩት 42 ለስድስት ሲካፈሉ ለእያንዳንዱ ሰባት ይደርሰዋል። እያንዳንዱ መሪ በሳምንት ስድስት ሰዓት ከልጅ ሥራ ነጻ ይውጣ፤ 36 ሰዓት ሆነ። ሁለቱ ሱፐርቫይዘሮች 12፣ 12 ሰዓት ይጨምሩ፤ 24 ሆነ። ድምሩ 60 ነው። የመሪዎቹ ሰዓት ግን ማለማመድ እንጂ የባለሙያ ሱፐርቪዥን አይደለም። የልጁን ፕሮግራም የመለወጥ ሥልጣን ከሱፐርቫይዘሩ አይወርድም፤ ለወላጅም እንደ ሱፐርቪዥን ቆጥራችሁ አትንገሩ።

ፒራሚዱ የሚፈርሰው በሦስት ቦታ ነው። የመጀመሪያው ምርጫው ነው። መሪ በአገልግሎት ዘመን ወይም «ልጆች ይወዷታል» ተብሎ ይመረጣል። ልጅ ማስተማር የምትችል ሰው ትልቅ ሰው ማረም ትችላለች ማለት አይደለም፤ ማረምም እንደ ሌላው ክህሎት በቼክሊስት ይሠለጠናል። መሪዋ ሠልጣኝ ስታሠራ ሱፐርቫይዘሩ ተቀምጦ ያያል፦ ነገረች? አሳየች? እያንዳንዱን ስህተት አየች? የተሳተውን እርምጃ አስደገመች? ይህን ሳታልፍ ሰባት ሰው አይሰጣትም።

ሁለተኛው የነጥብ ልግስና ነው። ከሁለት ወር በኋላ የሁሉም ቼክሊስት 100 ከመቶ ሆኖ ይመጣል። ከአምስት ምልከታ አንዱን ሱፐርቫይዘሩ ከመሪዋ ጎን ቆሞ፣ ሳይነጋገሩ፣ ለየብቻ ይሙላ። ሁለቱን ወረቀቶች እርምጃ በእርምጃ ያስተያዩ፤ የተስማሙባቸውን እርምጃዎች ለጠቅላላ እርምጃዎች አካፍለው በ100 ያባዙ። ድምሩን ብቻ ካስተያዩ ይሸወዳሉ። ሁለቱም ዘጠኝ ከአሥር ሰጥተው አንደኛው አራተኛውን፣ ሌላኛው ስምንተኛውን «አልሠራም» ካሉ ድምሩ እኩል ሆኖ ሳለ ስምምነታቸው 80 በመቶ ብቻ ነው። በተለምዶ ከ80 በታች ሲወርድ የሚሠለጠኑት ተመልካቾቹ ናቸው።

ሦስተኛው፣ በእኛ ግምት ትላልቅ ማዕከላትን ከምንም በላይ የሚጎዳው፣ መሪዋ የምትነጠቅ መሆኗ ነው። አንድ ሠራተኛ ይቀራል፣ ልጁ በር ላይ ቆሟል፣ ነጻ ያለችው መሪዋ ናት፣ ትገባለች፣ የዕለቱ ሥልጠና ይሰረዛል። ይህ በሳምንት ሁለቴ ከሆነ ፒራሚዱ ወረቀት ላይ ብቻ ነው ያለው። በየቅርንጫፉ አንድ ተተኪ ሠራተኛ ይኑር። በፕሮግራም ሰሌዳውም ላይ የሥልጠናውን ሰዓት እንደ አንድ ልጅ ስም ያስገቡት፤ የልጅ ሰዓት ማንም ተነስቶ አይሰርዝም።

አዲስ የሚገባውን በተመለከተ ሰው በተገኘበት ቀን አያስጀምሩ። በወር አንድ ቋሚ መግቢያ ቀን ያድርጉ፤ አራት ወይም አምስት ሰው አብሮ ሲገባ አንድ ሙሉ የልምምድ ቡድን ይሆናል። አሥር የሥራ ቀን ይበቃዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ስለ ልጁ ክብርና ምስጢር፣ ስለ ደህንነትና ስለ ቅጽ አሞላል። ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ጠዋት ጠዋት አንድ ክህሎት፣ የቀረው ሰዓት ምልከታ። ምልከታው ግን ግድግዳ ተደግፎ ማየት እንዳይሆን፤ አዲሷ ሠራተኛ ቅጽ ይዛ ከመሪዋ ጋር ጎን ለጎን ትቁጠር። ከ20 ሙከራ በ17ቱ ከተስማሙ 85 በመቶ ነው፣ ጥሩ ነው። ከስድስት እስከ ስምንት ባሉት ቀናት መሪዋ እያለች ከልጁ ጋር ትጫወት፣ ትላመድ። ምንም ሳትጠይቀው የሚወደውን የምታቀብል ሰው ትሁን፤ ልጁ አዲስ ፊት ባየ ቁጥር ትእዛዝ የሚከተለው ከሆነ አዲስ ፊት ሲያይ መሸሽ ይጀምራል። ዘጠነኛውና አሥረኛው ቀን እሷ ትሠራለች፣ መሪዋ ቼክሊስት ትይዛለች። ያላለፈ ሰው ከልጅ ጋር ብቻውን አይቀመጥም፤ ሰው ቢጎድልም።

ሰዓቱን ከጠዋቱ 1፡30 እስከ 3፡00 ያድርጉት፣ ልጆቹ ሳይበዙና ሙቀቱ ሳይበረታ። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሥልጠና የሚጠራ ሰው ድሬን አያውቃትም።

ጥያቄ፦ ሐረር ነን፤ ከጁገል ውስጥም ከውጭም ልጆች ይመጡልናል። ቤታቸው አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ሐረሪ ይነገራል። መመሪያችን በአማርኛ ነው፤ የሠለጠንነውም በአማርኛ። ሠራተኛው እንደመጣለት እያቀላቀለ ያወራል። ይህን በሥልጠና ማስተካከል ይቻላል? (የክፍል አስተባባሪ)

መልስ፦ ይቻላል፤ ግን የሚስተካከለው ሥልጠናው ላይ ብቻ ሳይሆን የልጁ ፕሮግራም ላይም ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ የቃላት ገጽ ይኑረው፤ ከእናቱ ወይም ከሚያሳድገው ሰው አፍ የተቀዳ። ውሃ በዚያ ቤት «ውሃ» ነው፣ «ቢሻን» ነው ወይስ «ቢዮ»? ሲጠሩት «ና» ነው «ኮቱ»? ሠራተኛው ሦስቱንም ቢችል እንኳ ገጹ ላይ ያለውን ብቻ ይጠቀም። ገና ቃል የሚለየውን ልጅ በአንድ ቀን በሦስት ቃል ማዘዝ፣ ሲያቅተው «አይሰማም» ብሎ መመዝገብ ለልጁ ፍርደ ገምድልነት ነው። ልጁ አንደኛውን አጽንቶ ሲይዝ ሁለተኛው ቋንቋ እንደ አዲስ ግብ ሊገባ ይችላል፤ ቤተሰቡ ሁለት ቋንቋ ካለው ደግሞ ሁለቱም ያስፈልጉታል።

አማርኛው ራሱ ወጥመድ አለው። ሥልጠና ላይ ልጅ ሆኖ የሚጫወተው ወንድ ባልደረባ ነውና ሁሉም «ስጠኝ»፣ «ተቀመጥ»፣ «ንካ» እያለ ይለማመዳል። በማግስቱ የሚገጥመው ሴት ልጅ ናት፤ «ስጪኝ»፣ «ተቀመጪ»፣ «ንኪ» ማለት አለበት። ከወንድም ከሴትም ጋር አለማምዷቸው። የቡድን ትእዛዝም («ተቀመጡ») ለብቻው የሚማሩት ነገር ነው፤ «ተቀመጥ»ን የሚያውቅ ልጅ «ተቀመጡ» ሲባል ቆሞ ቢቀር እልኸኛ አይደለም።

ልጁ ሲጠይቅስ? «ስጠኝ» ብሎ የተማረ ልጅ አያቱንም «ስጠኝ» ይላታል፤ ለሴት አያት፣ ያውም በወንድ አንተታ፤ ቤተሰቡ ያፍራል፣ ማስተማሩንም ይጠላዋል። መጀመሪያ የሚያስተምሩት ጥያቄ የዕቃው ስም ብቻ ይሁን፤ «ውሃ»፣ «ኳስ»፣ «ሙዝ»። ስም ለሁሉም ሰው ያው ነው። ግሡና አክብሮቱ ልጁ ብዙ ስሞችን ራሱ መጠየቅ ሲጀምር ይጨመራል።

ምልከታውም ላይ ቋንቋ ይገባል። ሱፐርቫይዘሩ ሶማሊኛ ካልሰማ ሠራተኛው ለልጁ መልሱን በቃል ሹክ ሲለው አያየውም፤ ቼክሊስቱ ላይ «ሳያግዘው መለሰ» ተብሎ ይጻፋል። እንዲህ ዓይነቱን ምልከታ ቋንቋውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ለሁለት ያድርጉት።

ለሽልማት የሚሰጠውን ምግብም ቤተሰቡን ሳይጠይቁ አያስገቡ። በዐቢይ ጾም ወተት ያለበት ብስኩት፣ በረመዳን ልጁ ባይጾምም በሚጾሙ ወንድሞቹ ፊት በቤት ውስጥ የሚሰጥ ከረሜላ ችግር ሊያመጣ ይችላል። ምግብ ያልሆነ ሁለት ሦስት አማራጭ ሁልጊዜ ይያዝ።

ጥያቄ፦ አንድ ልጃችን ይናከሳል፣ ፀጉር ይጎትታል። አለቃችን ከኢንተርኔት የወረደ ቪዲዮ አሳይቶን «ሲነሳበት እንዲህ አድርጋችሁ ያዙት» አለን። ደግሞ ሌላ ልጅ ክፍል ውስጥ የሚጥል በሽታ ተነስቶበት ሁላችንም ተደናገጥን። ይህ በሥልጠና ውስጥ መካተት የለበትም? (ከደቻቱ አካባቢ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ መካተት ያለበት ከሁሉም በፊት ነው። በመጀመሪያ፣ ልጅን ጨምድዶ መያዝ በቪዲዮ አይሠለጠንም። አያያዙ በአካል፣ በተመሰከረለት አሠልጣኝ፣ በየጊዜው እየታደሰ ካልተማሩት አያድርጉት፤ ደረቱን ተጭነው ወይም በሆዱ አስተኝተው የያዙት ልጅ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። እናንተ አሁን የሚያስፈልጋችሁ ከንክሻና ከፀጉር ጉተታ ልጁን ሳይጎዱ መላቀቅ ነው። ሲነክስ እጅን ወደ ኋላ መንጠቅ ቁስሉን ያሰፋዋል። ፀጉር ሲያዝ እጁን ከራስ ጋር አጣብቆ ይዞ ጣቶቹን ማላላት እንጂ መሳብ አይሆንም። እነዚህን ሁለቱን በአካል፣ በባልደረባ ላይ፣ በዝግታ ይለማመዱ።

ከዚያ በፊትም ሌላ ነገር አለ። ልጁ በድንገት ከጀመረው ጥርሱ፣ ጆሮው፣ ሆድ ድርቀቱ ይታይ። ጤናው ደህና ከሆነ ከንክሻው በፊት ምን እንደነበረና ከንክሻው በኋላ ምን እንዳገኘ ለሁለት ሳምንት ይመዝግቡ። ሥራው ቆመለት? ሁሉም ዞሮ አየው? የተቀማው ስልክ ተመለሰለት? ወይስ ብቻውንም ሲሆን ይነክሳል? ከሥራ ለማምለጥ የሚነክሰውን ልጅ ጥግ ማስቀመጥ የፈለገውን መስጠት ነው። «ፋታ» ብሎ መጠየቅን አስተምረው ሲጠይቅ ፋታውን ቢሰጡት ንክሻው ሥራ ያጣል።

መምታት፣ መቆንጠጥ፣ በርበሬ ማጠን፣ ማስፈራራት፦ ስለዚህ ልምምድም ክርክርም የለም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት የመጠበቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል።

የሚጥል በሽታ ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ ከሌሎች ልጆች ይበልጥ ይታያል፤ ስለዚህ ዘበኛውና ጽዳት ሠራተኛዋ ሳይቀሩ ይሠልጥኑ። ሰዓት ይያዙ። ዙሪያውን ካለ ስለት ያጽዱ፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር ያድርጉ፣ በጎኑ ያስተኙት። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አያስገቡ፣ መንፈራገጡን በጉልበት አይያዙ፣ ውሃ አያጠጡ። ክብሪት ለኩሶ ማሽተት የሚረዳው ነገር የለም፤ ሊያቃጥለው ግን ይችላል። አምስት ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ ከደገመው፣ ወይም የመጀመሪያው ከሆነ ወደ ድል ጮራ ወይም ወደሚቀርባችሁ ሆስፒታል። ማን ባጃጅ ይጠራል፣ ማን ከሌሎቹ ልጆች ጋር ይቀራል፣ ማን ለእናቱ ይደውላል የሚለው በስም ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። በየሦስት ወሩ አንድ ጊዜ ሳታስጠነቅቁ ልምምድ አድርጉ፤ ከወደቀው እስከ መኪናው ያለውን ደቂቃ ቁጠሩ።

ጥያቄ፦ ሠራተኞቼ «ዓለም አቀፍ ሰርተፍኬት» ይፈልጋሉ። 40 ሰዓት የኦንላይን ኮርስ ከፍዬላቸው አርቢቲ ይሆናሉ? (ባለቤት፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ አይሆኑም። 40ው ሰዓት ከማመልከቻ መሟያዎች አንዱ ብቻ ነው፤ ከእሱ በኋላ የብቃት ምዘናና ፈተና አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቢኤሲቢ ከ2023 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ከጥቂት አገሮች ውጭ የሚኖር አዲስ አመልካች አይቀበልም፤ ኢትዮጵያ ከተፈቀዱት ውስጥ የለችም። ለሌሎች አገሮች ክፍት ከሆኑት አንዱ የዓለም አቀፉ የባህሪ ትንተና ድርጅት፣ አይቢኤኦ፣ የቴራፒስት ሰርተፍኬት ነው፤ እሱም ሱፐርቫይዘር ይጠይቃል። ኮርሱ ለዕውቀት ይጠቅማል፣ ይክፈሉላቸው። ግን ቢሮ ግድግዳ ላይ «አርቢቲ» ብላችሁ አትስቀሉት።

ጥያቄ፦ አሠልጥነናቸው፣ አልፈው፣ ከአራት ወር በኋላ ወደ ድሮው ተመለሱ። እንደገና እናሠልጥን? (ሐረር)

መልስ፦ መጀመሪያ አንድ ነገር ይሞክሩ። ሠራተኛዋን ጠርተው «አሁን፣ እኔ እያየሁሽ፣ አንድ ዙር ሥሪልኝ» ይበሏት። ካልቻለች ሥልጠና ያስፈልጋታል፤ የሳተቻቸውን እርምጃዎች ብቻ፣ 20 ደቂቃ ይበቃል። ከቻለች ግን ችሎታው አልጠፋም፤ እንደገና ማሠልጠን የሁለታችሁንም ጠዋት ማባከን ነው። ሌላውን ይፈልጉ። የልጁ የሚወደው ዕቃ ሳጥኑ ውስጥ አለ ወይስ ለሦስት ልጅ አንድ ኳስ ነው ያለው? ፕሮግራሙ ባለፈው ሳምንት ተለውጦ ለእሷ ሳይነገራት ቀርቷል? ቅጹን በትክክል ስትሞላ የሚያየው ሰው አለ ወይስ ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ ይሄዳል? በትክክል መሥራቱ ከግዴለሽ ሥራው የበለጠ አድክሟት ደመወዙም ምስጋናውም እኩል ሆኖባት ይሆን?

በተለምዶ መጀመሪያ የሚገኘው ሦስተኛው ነው። ሱፐርቫይዘሩ በሳምንት አንድ ቀን በእያንዳንዱ ቅጽ ላይ አንድ መስመር ይጻፍና ይፈርም፤ «ማክሰኞ 12 ሙከራ፣ ሁሉም በሰዓቱ ተመዝግቧል፣ ሐሙስ እገዛው ወደ ክንድ ይውረድ» የሚል ዓይነት። ለአንድ ቅጽ ሁለት ደቂቃ ነው። አራት ሳምንት ከተደረገ በኋላም ቼክሊስቱ ከ80 በታች ከሆነ ያኔ ወደ ልምምድ ወንበሩ ይመልሷት።